ከወይን ሥር የዛቅሁት አመድ

ከምኖርባት ከፌርፋክስ ከተማ የተነሳነው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የልጅ ልጄ ሜሮን ኮሌጅ የጨረሰችው ስለ ድንጋይ ተምራ ነው። "እማማ፣ እሳት የሠራውን ደሴት ሳላሳይሽ ሥራ አልጀምርም" ብላ ቲኬቱን ቆረጠች። በማድሪድ በኩል አድርገን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወዳለችው ላንዛሮቴ ገባን።

ምድሩ ያረረ የድስት ቂጥ ይመስላል፤ ቤቶቹ ግን ነጭ ናቸው። ማታ ከነልጣጩ በጨው የተቀቀለ ትንንሽ ድንች፣ ዳጣ ከሚመስል ቀይ ማባያ ጋር በላን።

ሐሙስ፣ ወደ እሳተ ገሞራው

ለሚያመኝ ጉልበቴ ብዬ የአስጎብኚዎቹን አውቶቡስ የፊት ወንበር በሻርፔ ያዝኩ። አንድ ረጅም ሰውዬ ሻርፔን አንስቶ ከሚስቱ ጋር ተቀመጠበት። "ተራ የለም እንዴ? ቀድሜ ይዤዋለሁ!" ብዬ በአማርኛ ጮህኩበት። ሜሮን "እማማ ፕሊስ፣ ሌላ ወንበር አለ" ብላ ጎተተችኝ። እኔ ግን ቂም ያዝኩበት።

መጀመሪያ የቆምነው የወይን እርሻ ጋ ነው። እያንዳንዱ ወይን ለብቻው በጥቁር አመድ ጉድጓድ ውስጥ ተተክሏል። አጠገቡ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። አስጎብኚው፣ ድሮ እሳቱ ደጃፏ ላይ ሲደርስ ቆመ ይባላል አለን። እኛ የቤተ ክርስቲያን አመድ የታመመ ሰውነት ላይ እንቀባለን፤ ስሙም እምነት ነው። እሳት የፈራው ቦታ አመድ ለጉልበቴ ካልሆነ ለምን ይሆናል? ሌሎቹ ፎቶ ሲነሱ ቀስ ብዬ ወደ አንዱ ጉድጓድ ወርጄ፣ ከወይኑ ሥር በእጄ እየዛቅሁ ፌስታል ሞላሁ። ለማኅበርተኞቼም እንዲተርፍ ነዋ!

ብዙም ሳይቆይ የእርሻው ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ እየጮኸች መጣች። የወይኑ ሥር ተገልጧል። አስጎብኚው ያን ወንበሬን የወሰደውን ሰውዬ ቀደም ሲል ከጉድጓድ ውጣ ብሎ ተቆጥቶት ስለነበር በቀጥታ ወደ እሱ ሄደ። ሰውዬው "አልነካሁም" እያለ ባዶ እጁን ቢያሳይ ማን ሰምቶት! "ታክሲ እጠራልሃለሁ፤ ተራራውን ከእኛ ጋር አታይም" ተባለ። ሚስቱ አለቀሰች።

እኔ ዝም አልኩ። ምን እደብቃለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሄጄ የፊት ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሞተሩ ሲነሳ ሜሮን ፌስታሉን አየች።

"እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"እምነት ነው።"

አማርኛዋ ጎደሎ ነው። "ፌይዝ? በፌስታል?" ብላ ሳቀች። ከፍታ ስታየው ሳቋ ጠፋ። "ሶ እሱ አይደለም፤ አንቺ ነሽ። እያየሽ ዝም አልሽ?"

በሰባ ሦስት ዓመቴ እንደዚያ ያለ ዓይን አይቶኝ አያውቅም። "አስቁሚው" አልኳት።

ወርጄ ለአስጎብኚውና ለአሮጊቷ ተናዘዝኩ፤ ሜሮን አስተረጎመች። አሮጊቷ እኔ ላይ አልጮኸችም፤ ያ ባሰብኝ። ተንበርክካ አሳየችኝ፦ እዚያ ዝናብ ብርቅ ነው፤ አመዱ ጤዛውን ይዞ ሥሩን ያጠጣዋል። አብሬያት ተንበርክኬ መለስኩት። ሰውዬውን "ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ" ብዬ ወንበሩን ለቀቅሁለት። ዘወር ብሎም ሳያየኝ ሚስቱን ይዞ ኋላ ተቀመጠ። ይቅርታ መጠየቅ የእኔ ነው፣ መስጠት የእሱ። አልሰጠኝም፤ አልፈርድበትም።

ተራራው ላይ አንድ ሠራተኛ በጋለው መሬት ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ሲያፈስ እንፋሎቱ እያጓራ ወጣ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ጥፍሬ ሥር የቀረውን ጥቁር አያለሁ።

እሁድ ቤቴ ገባሁ። ሐቅ ሐቅ የምለው የራሴ ሲነካ ብቻ እንደነበር ያወቅሁት እዚያ ደሴት ላይ ነው። ፌርፋክስ ላይ ስትጣሉ "እትዬ አስካለ ይፍረዱን" እያላችሁ የምትደውሉልኝ ሁሉ፣ መጀመሪያ ይህን አንብቡ፤ ከዚያ ወስኑ።