ምልክት የሌለው ጋቢ

አራስ ብቻዋን አትተውም። እናቴ ይህን ሕግ ከአዲስ አበባ በሻንጣዋ ይዛው መጣች ማለት ይቻላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርትማችን በገባች በመጀመሪያው ቀን ትራሴ ሥር ቢላዋ ከተተች፣ መስኮቶቹን አንድ በአንድ እየገፋች መዘጋታቸውን አረጋገጠች፣ የልጅቷንም አልጋ ከመስኮቱ አርቃ ከቁም ሣጥኑ ጋር አስጠጋችው። ልጅቷ ከተወለደች ገና ሳምንት አልሞላትም። "እኔ እያለሁ ብርድ አያገኛችሁም" አለች እናቴ። እውነቷን ነበር፤ ያን ሰሞን ወደዚያ ክፍል የገባው ብርድ አልነበረም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ውጭው በረዶ ነው። ባሌ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ አንድ ላውንደሪ ቤት ይሠራ ስለነበር በጠዋት ወጥቶ ድልድዩን ተሻግሮ ይሄድና ሲመሽ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ እኔ፣ እናቴና ልጅቷ ነን። የልብስ ማጠቢያውና ድራየሩ እዚያው ቤታችን ውስጥ፣ መተላለፊያው ላይ ነበሩ። እናቴ መጀመሪያ ፈራቻቸው። ቆይታ ደፈረቻቸውና የባሌን የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውሃ አጥባ፣ ድራየር ውስጥ አድርቃ፣ ለአሻንጉሊት የሚሆን አድርጋ አወጣችው። የእኔ ሹራብ ቢሆን ኖሮ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመው ነበር። እሱ ግን አማቱን ያከብራልና ሹራቡን ገልብጦ ከአንገትጌው ሥር የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አሳያት።

"እማማ፣ ይቺን ሌብል ይዩልኝ። ልብሱ ራሱ እንዴት እንደሚታጠብ ይነግርዎታል።"

"እንግሊዝኛ ከየት አምጥቼ ልጄ?"

"እንግሊዝኛ አይደለም፣ ሥዕል ነው። ኢዚ ነው።"

እናቴ መነጽሯን አደረገች። ያን ዕለት ማታ ሁለቱ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው የቤቱን ልብስ ሁሉ ሲገለብጡ አመሹ። ውሃ የያዘችው ሳፋ ወዲያው ገባቻት። ለበረኪና የቆመውን ሦስት ማዕዘን ጎጆ አለችው። ሳጥን ውስጥ ያለው ክብ ድራየሩ ነው፤ ክቡ ውስጥ ያሉትን ነጠብጣቦች ደግሞ ፍም ብላ ጠራቻቸው። አንድ ፍም ለስስ ልብስ፣ ሁለት ፍም ለመካከለኛው፣ ሦስት ፍም እሳት ለሚችል ወፍራም ጥጥ። ኤክስ የተደረገበትን ሁሉ ተወግዟል ትላለች። "ይሄ ሸሚዝ ከካውያ ተወግዟል" ስትል ስፌቴ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ሌብሉን ሳታይ የምታጥበው ነገር አልነበረም። በዚህ ዕድሜዋ አዲስ ፊደል በመቁጠሯ ደስ ብሏት ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ሌብል አልነበረውም። ለእኔ ብላ ያመጣችው ጋቢ ነው። ማርገዜን ከሰማች ጀምሮ ጥጡን በእጇ ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው ነው። ጠርዙን በቀልድ አገላብጣ ፈለገችና "ይሄስ ምን ይላል?" አለችኝ።

"እሱማ ያንቺ ሥራ ነው፤ አንቺው ታውቂያለሽ።"

"እንግዲያው ሦስት ፍም ነው" አለች። "ጥጥ አይደል?"

ጠዋት ጠዋት አናቴን ቅቤ ትቀባኝና በሻሽ ታስረኛለች። ወገቤንና ጀርባዬን ደግሞ ከሱቅ ባስመጣችው የተልባ ዘይት ታሸኛለች፤ የዚህ አገር ቅቤ ለወገብ አይሆንም ባይ ናት። ቅቤውም ዘይቱም ከእኔ ወደ ሻሹ፣ ከሻሹ ወደ ፎጣው፣ ከፎጣው ወደ ጋቢው ያልፋል። ሁሉም በየቀኑ ይታጠባል፣ በሦስት ፍም ይደርቃል። ከድራየሩ ሲወጣ እጅ ያቃጥላል። እናቴ እንደ እኛ አጣጥፋ አታስቀምጠውም። ትኩሱን ፎጣና ሻሽ አጥብቃ ትጠቀልልና በጋቢው አፍና፣ በልጅቷ አልጋና በቁም ሣጥኑ መካከል ትሸጉጠዋለች። ልጅቷ ከጎኗ ምድጃ እንዳላት ሞቃ ትተኛለች። "ሙቀት ሲገኝ አይበተንም" ትለኝ ነበር።

እዚያው በላያችን ጣሪያው ላይ የጭስ አላርም አለ። እናቴ ሽንኩርት ባቁላላች ቁጥር እየጮኸ ልጅቷን ስላስደነገጠብን ባሌ የሻወር ላስቲክ ቆብ አለበሰው። የምናውቃቸው ሰዎች ቤት ሁሉ እንዲያ ነው። ተኝቼ ወደ ላይ ሳይ ያ ቆብ ይታየኝ ነበር፣ አፉ እንደታፈነ ሰው።

መጀመሪያ የተለወጠው ሽታው ነው። የቅቤ ሽታ ለምጄዋለሁ፤ እኔ ራሴ ከአናቴ እስከ ወገቤ ቅቤና ዘይት ነበርኩ። ከእሱ ሥር ግን ሌላ ነገር መጣ፣ ድስት ሥር እንደያዘ ወጥ ዓይነት። አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋል። ቀጥሎ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷን ላጠባ ስነሳ እጄ ጥቅሉን ነካው። ከድራየር የወጣ ልብስ እየዋለ ይበርዳል። ይሄኛው ከጠዋቱ ይልቅ ይሞቅ ነበር።

"እማዬ፣ ይሄ ነገር እየባሰበት ነው የሚሞቀው" አልኳት።

"የእጄ ፈትል እኮ ነው። ሙቀት አይለቅም።"

ለባሌ ደወልኩ። "ጥጥ ነው የኔ ቆንጆ፣ ጥጥ ሙቀት ይይዛል። አሁን ቢዚ ነኝ፣ በኋላ ኮል አደርግልሻለሁ" አለኝ። ማታ ነካክቶት በርዶ አገኘው። አራስ ነገር ይታያታል ተባልኩ። ተናደድኩ፣ ግን ምን ይዤ እከራከራለሁ? ፈርቻለሁ፤ የምፈራውን ግን አላውቀውም ነበር።

በማግስቱ ውጭው እያካፋ ነበር፣ በረዶ። እናቴ ወጥ ቤት ገንፎ ታገነፋለች፣ እኔ አሸልቤአለሁ። ልጅቷ አስነጠሰች። ነቃሁ። ያ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። መጀመሪያ እኔ ነኝ ብዬ ሻሼን ፈታሁና አሸተትኩት፤ ቅቤ ነው። ወስጄ መታጠቢያ ቤት ጣልኩት፣ በሩን ዘግቼበት ተመለስኩ። ሽታው አልቀነሰም። ወደ ልጅቷ በቀረብኩ ቁጥር ይበረታል። አጎንብሼ አፏን አሸተትኩ፣ ጸጉሯን አሸተትኩ፣ የእሷ አይደለም። ከዚያ እጄን ወደ ጥቅሉ ውስጥ አስገባሁ።

ላዩ ሞቅ ያለ ነበር። ውስጡ ጣቴን ለበለበኝ። ጋቢውን ስገልጠው ቢጫ ጭስ ወጣ፤ ፎጣዎቹ መካከላቸው ጠቁሮ ቀዳዳ ሆኗል፣ የቀዳዳው ዙሪያ ደግሞ አየር ሲያገኝ ቀላና መሄድ ጀመረ። ነበልባል የለውም፣ ድምፅ የለውም። ዝም ብሎ ጥጡን እየበላ ወደ አልጋዋ እግር ይሄዳል።

"እማዬ" አልኩ። የወጣልኝ ይኸው ብቻ ነው።

እናቴ ብቅ ብላ አየች። ልጅቷን አንስታ ነጠላዋ ውስጥ ከተተች፣ በሌላ እጇ ክንዴን ያዘች፣ በሩንም በእግሯ ከፈተችው። በባዶ እግሬ፣ አናቴን ገልጬ፣ ደረጃውን ወርደን መኪና ማቆሚያው ላይ በረዶ ውስጥ ቆምን። መስኮት ለማስከፈት ለምኜ እምቢ ያለችኝ ሴት ናት። ነጠላዋን አውልቃ እኔንና ልጅቷን አለበሰችንና እሷ በቀሚስ ቀረች። ናይን ዋን ዋን የደወለልን ታች ያለው ጎረቤት ነው። በእሱ ስልክ ለባሌ ብደውልለት ድልድዩ ላይ ትራፊክ ይዞታል፤ ስልኩ ውስጥ ሲያለቅስ ሰማሁት።

እሳት አጥፊዎቹ ቶሎ ጨረሱ። የተቃጠለው ጥቅሉ፣ ከሥሩ ያለው ምንጣፍና የልጅቷ አልጋ አንድ እግር ነው። ስንመለስ ከመካከላቸው ሽማግሌው መጀመሪያ ወደ ጣሪያው አየ፣ እጁን ዘርግቶ የላስቲክ ቆቡን አወለቀና ኪሱ ከተተው። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ነገረኝ። ዘይት በእጥበት ሙሉ በሙሉ አይወጣም አለ፤ በተለይ እንዲህ ያለው ዘይት በጣም በሞቀ ድራየር ደርቆ፣ ትኩሱን ተጠቅልሎ ሲታፈን፣ ማንም ሳይነካው ራሱን በራሱ ያነድዳል። ትናንትም ሞቆ እንደነበር ስነግረው፣ ትናንት ዕድለኛ ነበራችሁ፣ ዛሬም ዕድለኛ ናችሁ አለ።

"ምን ይላል?" አለችኝ እናቴ።

ዓይኗን አይቼ ልነግራት አልቻልኩም። "የኤሌክትሪክ ነገር ነው ይላል" አልኳት።

ሰውየው ግን የዋህ ነው፤ እሷም እንድትረዳ ፈለገ። ካልተቃጠለው ጥግ አንዱን ፎጣ አነሳና ሌብሉን ገልብጦ አሳያት። በጓንቱ ጫፍ ሳጥኗን፣ ክቧን፣ ሦስቱን ነጠብጣቦች ነካ። ከዚያ አውራ ጣቱን ከጣቶቹ ጋር እያሸ አሸተተ። ከዚያ ሁለት መዳፎቹን አጥብቆ ገጠመና ድንገት ከፈታቸው።

እናቴ ቀስ ብላ መነጽሯን አወለቀች። "ሦስቱ ፍም" አለች። "እኔ ነኝ።"

"እማዬ፣ ማንም አላወቀም።"

ባሌ በኋላ ሥራ ቦታው ይህን ማንም ነግሮት እንደማያውቅ፣ እነሱ ዘንድ የሚመጣው ኮትና ሱሪ እንደሆነ ደጋግሞ ቢነግራትም አልሰማችውም። ሌብሎቹ ላይ ስለ ዘይት የተሣለ ሥዕል እንደሌለ ብነግራትም እንዲሁ። ከጋቢው የተረፈውን ቆርጣ፣ ጠርዙን ዘምዝማ፣ ለልጅ የሚሆን አደረገችው። አንዱ ጥግ ላይ በጥቁር ክር ሳጥን ሠራች፣ ውስጡ ክብ፣ በላዩ ላይ ትልቅ ኤክስ። "ለእኔ አይደለም" አለችኝ፣ "እኔ ከሌለሁ በኋላ ለሚያጥበው ነው።"

ጥቂት ቀን ቆይቶ ገላዬን ልታጠብ ተነሳሁ። ልጅቷ ተኝታለች። እናቴ ሁልጊዜ እኔ ስታጠብ እሷን ይዛ የምትቀመጠው አልጋው ጫፍ ላይ ነበር። ያን ቀን በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አልገባም አለች፤ እጆቿን ከኋላዋ አድርጋቸዋለች።

"ቶሎ ውጪ" አለችኝ። "ከልጅቷ ጋር ብቻዬን አትተዪኝ።"

የመታጠቢያ ቤቱን በር ክፍት ትቼ ታጠብኩ፣ ድምፄን እንድትሰማ እያወራሁ።