የሚዳቋው አንገት

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ ራስ መመለጥ የጀመረው ፍራንክፈርት በገባሁ በአራተኛው ዓመት ነው። አፌ ያመለጠኝ ደግሞ በስድስተኛው፣ በፈረንጆቹ 2009 በፋሲካ ሰሞን፣ ሆኽስት በምሠራበት የኬሚካል ፋብሪካ ምሳ ቤት ውስጥ ነበር።

ሼፌ፣ አለቃዬ ማለቴ ነው፣ በስልኩ ያነሳቸውን የሚዳቋ ቀንዶች ያሳየን ነበር። ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ስለ ሥራ ሦስት ቃል፣ ስለ አደን ሦስት ሰዓት የሚያወራ ሰው ነው። ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ «እርስዎ አገር አደን አለ?» አለኝ። «አለ» ብዬ ሾርባዬን መጠጣት እችል ነበር። ነገር ግን የሁለት ዓመት ኮንትራቴ በአውጉስት መጨረሻ ያልቃል፤ ቋሚ የመሆኔ ነገር ደግሞ በእሱ ፊርማ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

«እንዴታ! እኔ ራሴ ባሌ ተራሮች ላይ አጋዘን ጥያለሁ» አልኩት።

ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። አጋዘን የማውቀው በአሥር ሳንቲም ጀርባ ላይ ነው። ጠመንጃም ቢሆን አትኩሬ ያየሁት በአምስት ሳንቲሟ ላይ ያለው ሰውዬ የያዘውን ነው። እንግዲህ የአደን ልምዴ በጠቅላላው አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር። በወንጭፍም የመታሁት ነገር ቢኖር የጎረቤት መስኮት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሼፌ በምሳ ሰዓት አጠገቤ መቀመጥ አመጣ። እሱ ሲጠይቅ እኔ ስመልስ፣ ግንቦት ላይ አንድ የነበረው አጋዘን ሐምሌ ሲገባ ሦስት ደረሰ። አንዱን እንዲያውም በጭጋግ ውስጥ ነው የመታሁት።

አውጉስት ሲገባ ዓይኑ እያበራ መጣ። «ምርጡ ጊዜ ደረሰ!» አለ። እንዳስረዳኝ ከሆነ ወንዱ ሚዳቋ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ የሚሸሽ ብልጥ እንስሳ ነው። ከዩሊ፣ ማለትም ከጁላይ፣ መጨረሻ እስከ አውጉስት አጋማሽ ግን ሴት ፍለጋ ልቡ ይጠፋል። አዳኙ የሴቷን ድምፅ አስመስሎ ሲያፏጭ፣ ያ ብልጥ በገዛ እግሩ እየሮጠ ይመጣል። «ቅዳሜ ከእኔ ጋር የአደን ማማዬ ላይ ይቀመጣሉ» አለኝ። በልቤ ቆጠርኩ፤ ቅዳሜ ነሐሴ ሁለት ነው። ፍልሰታ የሚገባው አርብ።

ሚስቴ ጾም ሲገባ ቅቤ የነካ ማንኪያ ሳይቀር ለብቻ የምታስቀምጥ ሴት ናት።

«በፍልሰታ አደን? አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም?»

«የሚያድነው ሼፌ ነው። እኔ ቴርሚን ስላለኝ ነው የምሄደው።»

«የምን ቀጠሮ?»

«የቬርትራጌ!»

ክርክሩ በዚህ አበቃ። ጋሉስ በምንኖርባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ቬርትራግ፣ ማለትም ኮንትራት፣ የሚለው ቃል ከጾም በታች፣ ከሌላው ሁሉ በላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በመኪናው መጥቶ ወሰደኝ። ደግነቱ ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መንካት በሕግ ክልክል ነው። ለሁሉ ነገር ፈቃድ የሚጠየቅበት አገር ብዬ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳማርር ኖሬ፣ ያን ቀን ሕጉን መረቅሁት። ወደ ታውኑስ ዳገት ስንወጣ ሼፌ ያለወትሮው ስለ ቤቱ አወራኝ። ልጁ ሥጋ መብላት ትቷል፤ አደንም አብሮት አይወጣም። ማማው ላይ ጎኑ ያለው ቦታ አራት ዓመት ባዶ ነበር። ዛሬ የምንፈልገውን ሚዳቋ ደግሞ ሦስት ዓመት ተከታትሎታል። ጭንቅላቱን ከነአንገቱ አስደርቆ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሊሰቅለው ቦታውን ለክቶ፣ ምስማሩን መትቶ ጨርሷል።

«ጭንቅላቱ የእኔ፣ ታፋው የእርስዎ» አለና ቢላዋ ሰጠኝ። «ሆዱን የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት። ሦስት አጋዘን ለገፈፈ ሰው ይቺ ምን አላት?»

ቢላዋውን ተቀበልኩ። 

ማማው ላይ ወጥተን ተቀመጥን። ቋሊማ ያለበት ዳቦ ዘረጋልኝ፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እምቢ አልኩ። ትንሽ አሰበና በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። «ገባኝ። አዳኝ ሳይጥል አይበላም» አለና የራሱንም ዳቦ መልሶ ጠቀለለው። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። በአገሬ ስም እንዲህ ያለ ደንብ ሲወጣ ዝም ብዬ አየሁ።

ፀሐይዋ ከረር ስትል ማፏጨት ጀመረ፤ ቀጭን፣ የሚያባባ ድምፅ ነው። በሦስተኛው ፉጨት ላይ ቁጥቋጦው ተከፈለና ሚዳቋው ወጣ። ቀይ፣ አንገተ ሎጋ፣ ደረቱን ነፍቶ እየሮጠ ነበር። አሳዘነኝ። እኔስ በፉጨት የመጣሁ አይደለሁ?

ጠመንጃው ጮኸ። ሚዳቋው ወደቀና እግሩን አንፈራገጠ።

በዚያች ቅጽበት የታየኝ ሼፌም አይደለም፣ ፊርማውም አይደለም። የታየችኝ ሚስቴ ናት። በእግዚአብሔር ስም ያልታረደ ሥጋ ይዤ ብሄድ በር አትከፍትልኝም። ታፋውን አልፈልግም ብዬ ሼፌን ማስቀየም ደግሞ አልችልም። ነፍሱ ሳትወጣ ከደረስኩለት ግን ሁሉም ይድናል! ከተኩስ በኋላ አዳኝ ማማው ላይ ጸጥ ብሎ እንደሚቆይ ማን ነግሮኝ? መሰላሉን ግማሹን ወርጄ ግማሹን ዘለልኩት። ቢላዋ ጨብጬ እየሮጥኩ ደረስኩ፤ እግሩ ግን መንፈራገጡን አቁሟል። ቢሆንም ምሥራቅ ነው ብዬ ወደገመትኩት አቅጣጫ አዞርኩት፤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብዬ እንደ ፋሲካ በግ ከጆሮ እስከ ጆሮ አረድኩት።

ቀና ስል ሼፌ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቀስ እያለ ይመጣል። በሌላው እጁ ትንሽ የዛፍ ቅርንጫፍ ይዟል። የእነሱ አዳኝ የጣለውን እንስሳ ቅጠል ያጎርሰዋል፤ የመጨረሻ ጉርሻው መሆኑ ነው። አንገቱን አየ። ከቴሌቪዥኑ በላይ ሊሰቀል የነበረውን፣ ሦስት ዓመት የተጠበቀውን አንገት።  ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን አጎረሰውና ራሱን ገልጦ ቆመ። እኛ ብንሆን ይሄኔ በፉከራ ጫካውን ባነቃነቅነው። በደም የተነከረ እጄን የማስገባበት አጣሁ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። እስከ ጋሉስ ድረስ ሬዲዮኑን ከፍቶ ነዳ።

ሰኞ ቢሮው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ከረጢት አለ። «ታፋው። ቃል ቃል ነው» አለ። «አሁን ይንገሩኝ፤ አንገቱን ለምን?»

ሌላ ውሸት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የባሌ አዳኞች ባህል ነው ብለው ማን ያጣራል? ግን ያ ባርኔጣ ትዝ አለኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ ሳንቲሞቹን፣ ጾሙን፣ ሚስቴን፣ ያልበላሁትን ዳቦ። እስክጨርስ ሲሰማኝ ቆየና «ስንት ዓመት ከአዳኞች ጋር ስውል እውነት የነገረኝ አዳኝ የለም» አለ። «እርስዎም ሲዋሹ፣ ይሄ ሰው እውነተኛ አዳኝ ነው ብዬ ነበር።» እየቀለደ ይሁን እየተቆጣ አልለየሁም። «ጾሙ መቼ ያበቃል?»

«አውጉስት ሃያ ሁለት። ቅዳሜ።»

«እንግዲያው ያን ቀን እመጣለሁ። አብረን እንበላዋለን።»

ስለ ኮንትራቱ ምንም አላነሳም። እኔም የማነሳበት አፍ አልነበረኝም።

ሚስቴ ከረጢቱን ስታይ መጀመሪያ የንስሐ አባታችን ጋ ደውላ ነገሩን አስረዳችና ስልኩን ሰጠችኝ።

«ቢላዋው ሲያርፍበት ይንፈራገጥ ነበር፣ ወይስ መንፈራገጡን አቁሞ ነበር?» አሉኝ።

«አቁሞ ነበር፣ አባ።»

«እንግዲያስ የሞተ ነው ያረድከው፤ አይበላም ልጄ። ግን አንተ በፍልሰታ ጫካ ውስጥ ምን ትሠራለህ?»

በአንድ ቀን ሁለቴ እውነት ተናግሬ ሁለቴም ከሰርኩ። ሥጋው ሦስት ላስቲክ ተደራርቦለት በፍሪዘሩ የታችኛው ክፍል ታሰረ። ሼፌን ደግሞ አትምጣ ማለት አይታሰብም፤ አውጉስት ሲያልቅ ኮንትራቴም አብሮ ያልቃል።

በፍስኩ ዕለት አበባ ይዞ መጣ። ሚስቴ ለእኛ የበግ ወጥ፣ ለእሱ በአሮጌ መጥበሻ የሚዳቋውን ጥብስ ሠርታለች። ያ መጥበሻ በማግስቱ እንደሚጣል አስቀድማ ነግራኛለች። ሳህኑን ፊቱ አኖረችለት። ሼፌ ግን ሹካውን አንስቶ ይጠብቃል። «ይብሉ» አልኩት። «አይሆንም። መጀመሪያ የከፈተው ይቅመስ» አለ። ልብ ብላችሁ እዩልኝ፤ ያን ቀን ሆዱን እንኳ የከፈተው እሱ ነው። ሚስቴ ግድግዳው ላይ ያለችውን እመቤታችንን አየች፤ እኔ የሼፌን የደረት ኪስ አየሁ፤ የታጠፈ ወረቀት ጫፉ ብቅ ብሏል። አንድ ቁራጭ አነሳሁና ጎረስኩ።

«እንዴት ነው?»

«እንዲህ ያለ ሥጋ በልቼ አላውቅም» አልኩት። ጉዱ እውነት መሆኑ ነው።

ሼፌ ፈገግ ብሎ ወረቀቱን አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ቋሚ ኮንትራት ነው፤ ተፈርሟል። የፊርማው ቀን ግን ከአደናችን በፊት የነበረው ሐሙስ ነው።

«ያን ቀን ኪሴ ውስጥ ነበር» አለ። «ማማው ላይ፣ ከተኩሱ በኋላ ልሰጥዎ አውጥቼው ነበር። ዞር ስል እርስዎ መሬት ላይ ነዎት። አንገቱን ሳይ ጊዜ ተናደድኩና መልሼ ከተትኩት።»

ሚስቴ ወረቀቱን አንስታ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ቀኑ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ከዚያ ለሼፌ በፈገግታ አንገቷን ሰበር አድርጋ አመሰገነችው፤ ፈገግታዋን ሳትለቅ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፦

«በል እንግዲህ፣ አሁን ትፋው» አለችኝ።

እኔ ሁለተኛውን ጎርሼ ነበር።