ለአሥር ዓሣ የሚሆን ፓምፕ

ሚልክያስ በየቀኑ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳና ከጓሮው ኩሬ በባልዲ ውሃ ይቀዳል፤ እስከ ትከሻው ያነሳውና መልሶ እዚያው ያፈሰዋል። ሁለት መቶ ጊዜ ያህል እንዲህ ያደርጋል። በዚያ ሰዓት ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው እየከፈቱ እየገጠሙ ያገኛቸዋል። ከላይ የሚወርደው ውሃ አረፋ እየፈጠረ ሲገባ ትንፋሽ ያገኙና አንድ በአንድ ወደ ታች ይመለሳሉ። የመጨረሻው ሲሰምጥ ባልዲውን ደፍቶ ይቀመጥበታል።

«ጨረስክ?» ትለዋለች ሚስቱ ዘሪቱ ከጓዳው በር።

«ጨረስኩ።»

«ነገም አለልህ።»

ዓሦቹ ቀይና ነጭ የጌጥ ዓሦች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ጎብኚውን ከደቡብ ኦሞ ሲያስቀር፣ ጂንካ ዳር የነበረ አንድ ሎጅ ተዘጋ። ሚልክያስ በእረፍት ቀኑ የሎጁን ፓምፕ ይጠግን ነበር። ባለቤቱ ሻንጣውን እያስጫነ፣ «ወይ ብላቸው ወይ አቆይልኝ፤ ስመለስ እወስዳቸዋለሁ» አለው። ሚልክያስ አቆይልሃለሁ አለ። ጎረቤቱ ሻንቆ አሥራ አንዱንም በበርሜል አድርጎ በባጃጁ አመጣለት። ያኔ ከጣት አይበልጡም ነበር። ባለቤቱ አልተመለሰም፤ ስልኩም አይነሳም። ዛሬ እያንዳንዱ ዓሣ አንድ ክንድ ሆኗል። ኩሬው ግን ያኔ እንደተቆፈረ ነው፤ ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ወርዱ ሁለት፣ ጥልቀቱ አንድ።

ሚልክያስ ውሃ ለሰው መስጠት የጀመረው በ1984 ዓ.ም. ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት የከተማው ጉድጓድ ፓምፕ ሠራተኛ ሆኖ፣ ከመሬት በታች መቶ ሜትር ያለውን ውሃ ኮረብታው ላይ ወዳለው ማጠራቀሚያ ሲገፋ ኖረ። አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ነበር። ባለፈው ዓመት ጡረታ ሲወጣ የተመኘው አንድ ነገር ቢኖር እስኪነጋ መተኛት ነው።

ረቡዕ ዕለት ብሽሽቱ ላይ ያበጠውን ነገር ለሐኪም አሳየ። ቡአ ነው ተባለ።

«ከባድ ነገር ያነሳሉ?» አለች ሐኪሟ።

«ባልዲ ብቻ።»

«ስንት ባልዲ?»

ሲነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «በቀን? ለምን?»

«ለዓሣ።»

«ለሚበላ ዓሣ?»

«አይበላም።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳች። «ማክሰኞ ኦፕራሲዮን ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ባልዲ የሚባል ነገር አይንኩ» አለችው።

ቤት ሲደርስ ዘሪቱ ጥያቄውን አልጠበቀችም። «አስቀድሜ ልንገርህ፤ እኔ አላፈስም። ይሄ ጉልበቴ እኔንም አልሸከም ብሏል።»

ስለዚህ እስከ ማክሰኞ ፓምፕ ካልተገኘ ዓሦቹ ሳምንት አይቆዩም።

ሐሙስ ወደ አብዱልፈታሕ ሱቅ ሄደ። አብዱልፈታሕ ቧንቧ፣ ፓምፕና ሶላር በመሸጥ ሃያ ዓመት ያስቆጠረ ነጋዴ ነው።

«ይገርማል ጋሽ ሚልክያስ! ጂንካን ሙሉ ውሃ ያጠጣህ ሰው ለዓሣ ውሃ አቃተህ?»

«ዓሣ እንደ ሰው አይታገስም» አለ ሚልክያስ።

አብዱልፈታሕ ሁለት አወጣለት። አንዱ ባለ አንድ ፈረስ ጉልበት የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ ብረቱ ከባድ፣ ቀለሙ ሰማያዊ። ሁለተኛው ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ ውሃ ውስጥ የሚቀመጥና በሶላር የሚሠራ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ሚልክያስ ሁለተኛውን አንሥቶ አገላበጠውና መልሶ አስቀመጠው።

«ይሄ መጫወቻ ነው። ፎቅ ያወጣል?»

«ፎቅ ሠራህ እንዴ?»

ሚልክያስ ሰማያዊውን አሸክሞ ወጣ።

ማታ ሲያስነሳው ፓምፑ ውሃውን በጎረቤት ጣሪያ ላይ ረጨው። ሚልክያስ ጎንበስ ብሎ ድምፁን አዳመጠ፤ ደስ አለው። ቱቦውን ወደ ኩሬው መለሰና ተኛ። ውሃው የኩሬውን ወለል ቆፍሮ ጭቃውን ሁሉ አነሳው። ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ጠፋ። አርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ሲደርስ ኩሬው የጎርፍ ውሃ መስሏል። አንደኛው ዓሣ ክንፉ በመምጠጫው ወንፊት ተይዞ ሞቷል፤ የቀሩት አሥሩ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተዋል። ሚልክያስ ባልዲውን አነሳ። መቶ ሃያኛው ላይ ብሽሽቱን ይዞ ተቀመጠ፤ ከዚያ ተነሥቶ ቀጠለ።

ዘሪቱ በአፍ መፍቻዋ በአሪኛ ትንሽ ስትሰድበው ቆይታ በአማርኛ ጠየቀችው። «እሺ፣ ይሄን ውሃ የት ልትወስደው ነው?»

«የት እወስደዋለሁ? እዚሁ ነው።»

«እዚሁ ከሆነ ምን ያስሮጠዋል?»

ሚልክያስ የሞተውን ዓሣ ከጓሮው ሙዝ ሥር ሲቀብር ነገሩን አሰበው። በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ፓምፕ የሚመዘነው ውሃን ምን ያህል ከፍ በማድረጉ ነበር። ይህ ኩሬ ግን ከአንድ ሜትር በላይ ከፍታ አይፈልግም። ስድስት ሺህ ሊትር ውሃ በሦስት ሰዓት አንዴ ቢዞር ይበቃዋል። ይህን ሒሳብ ለአዲስ ሠራተኞች ሲያስተምር የኖረው ራሱ ነው።

ቅዳሜ ሰማያዊውን መልሶ ወሰደ።

«ፎቁ ተሸጠ?» አለ አብዱልፈታሕ።

«መጫወቻውን አምጣ።»

ካርቶኑ ላይ «በሰዓት 3,000 ሊትር፣ ከፍታ 3 ሜትር» ይላል። ሚልክያስ ሁለቱ ቁጥሮች አብረው እንደማይሠሩ ያውቃል፤ ሦስት ሜትር ላይ ጠብታ አይወጣም፣ ሦስት ሺው ደግሞ የሚገኘው ውሃው ጨርሶ ወደ ላይ ካልተገፋ ነው። በበርሜል ውስጥ አስገባውና ከሱቁ ባትሪ ጋር አገናኝቶ ቱቦውን ደረቱ ድረስ አነሳ። ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በሠላሳ ሴኮንድ ሞላ። በሰዓት ሁለት ሺህ አራት መቶ ማለት ነው።

«ይበቃል። ወንፊቱም ጠባብ ነው።»

«ከሶላር ጋር ቀጥታ አገናኘው፤ ባትሪም አያስፈልግህም» አለ አብዱልፈታሕ።

«ቀንማ ዓሣው ምን ሆነ? ጭንቁ ሌሊት ነው። ቀን ይተኛ፣ ሌሊት ይሥራ።»

«እንዳንተ ተረኛ አደረግኸው።»

ቤት ውስጥ ለቴሌቪዥን የገዙት ሶላርና ባትሪ ነበር። ዘሪቱ ሽቦው ሲነቀል እጇን አጣጥፋ አየች። «የእኔን ድራማ ለዓሣ?»

«ሦስት ወር ነው።»

«የሎጁ ሰውዬም እመለሳለሁ ብሎ ነበር» አለችና ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፈነችው።

ፓምፑን በሰዓት መቆጣጠሪያ ከሌሊቱ ስድስት እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት እንዲሠራ አደረገው። እሑድ ንጋት ላይ ፓምፑ እየሠራ አራት ዓሦች አሁንም ላይ ነበሩ። ውሃው ከቱቦው እንደ ገመድ ሳይሰበር ይወርድ ነበርና አረፋ የለውም። በባልዲ አገዛቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የቱቦውን ጫፍ ደፍኖ በምስማር ሃያ ቀዳዳ በሳበት፤ ከሥሩም ድንጋይ ደረደረ።

ሰኞ በአሥራ አንድ ሰዓት ባልዲውን ይዞ ወጣ። ውሃው ድንጋዩ ላይ እየተሰበረ ይወርዳል። የእጅ ባትሪ አብርቶ ኩሬውን ዞረ፤ ላይ የወጣ ዓሣ አልነበረም። ቆጠራቸው፤ አሥሩም ከታች ናቸው። ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበት። የሚሠራው ነገር ስላልነበረ እስኪነጋ እዚያው ቆየ።

«ጨረስክ?» አለች ዘሪቱ።

«አልጀመርኩም።»

«እና ለምን አትተኛም?»

«እንቅልፉ የለም።»

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፓምፑ በራሱ ቆመ፤ ሻንቆ በር ላይ ጡሩንባውን ነፋ፤ ሚልክያስና ዘሪቱም በባጃጁ ወደ ሆስፒታል ሄዱ።