ለራሴ የያዝኩት ድንኳን

ሮም ውስጥ ሲኞራዬን፣ አረጋዊቷን አሠሪዬን፣ መንከባከብ ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴ ነበር። ባሕር አይቼ አላውቅም ማለት አልችልም፤ በየበጋው እሳቸውን ይዤ እወርዳለሁ። ጥላ እዘረጋለሁ፣ ክሬም እቀባቸዋለሁ፣ ኮክ እልጥላቸዋለሁ። እኔ እግሬን ውሃ የማስነካው ጫማቸውን ከአሸዋ ለማጠብ ብቻ ነው።

ባለፈው መስከረም ግን ባሕር ዳር ካለችው ኦስቲያ አለፍ ብሎ ባለ የድንኳን ማረፊያ ለቅዳሜና እሑድ ቦታ ያዝኩ። ድንኳን ይባል እንጂ ሰፊ አልጋ፣ ሻወርና ጥሩ ምግብ ቤት አለው። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬን አብረን እንሂድ ብላት ሳቀች።

«ድንኳን? የሠርግ ነው የለቅሶ? ስደት እንደመጣሁ ፖንቴ ማሞሎ ላስቲክ ቤት የኖርኩት አይበቃኝም?»

«የዕረፍት ነው» አልኳት፤ እያጉረመረመች እሺ አለችኝ።

ለሲኞራዬ ልጅ ስነግራት ደግሞ ፊቷ በራ። «አሎራ፣ እንግዲያውስ ማማንም ይዘሻት ሂጂ! የባሕር አየር ይስማማታል።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለተናገረችው ሁሉ «ቫ ቤኔ፣ እሺ» ስላት ኖሬያለሁ።

«አይሆንም» አልኳት። «የምሄደው ላርፍ ነው። ሁለቱን ቀን አንቺ አብረሻቸው ትሆኛለሽ፤ እናትሽ ናቸው።»

የወትሮውን ይቅርታ አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ ጠዋት እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረችው ወጣት አየት አደረገችንና የጽዳት ሠራተኞች የሚገቡት በጓሮ በር እንደሆነ በትሕትና ነገረችን። ጓደኛዬ ክንዴን ጨበጥ አደረገች፤ እንመለስ ማለቷ ነበር። እኔ ግን ስሜን ጮክ ብዬ፣ ፊደል በፊደል ተናገርኩ። ልጅቷ ዝርዝሩ ላይ ስታገኘው ቀላች። ይቅርታ ጠይቃ «ሻንጣችሁን ልያዝላችሁ» አለች። ያዥ አልኳት።

ምሳ ሰዓት ላይ ጓደኛዬ በወጥ ቤቱ በር አጠገብ ወዳለች ጠረጴዛ አመራች።

«እዚህ ይሻለናል፣ ማንም አያየንም።»

«ለዚህማ ለምን መጣን?» ብዬ ባሕሩን ፊት ለፊት ከሚያየው ጠረጴዛ ተቀመጥኩ። ሙሉ የተጠበሰ ኦራታ ዓሣ ቀረበልን። ጓደኛዬ ከቦርሳዋ ሚጥሚጣ አወጣች፤ ከጎናችን ያሉት ሰዎች ዞር ብለው ሲያዩ ጨመር አደረገችበት። ያኔ አወቅኩ፣ እሷም አሁን ገና ከልቧ መጥታለች።

ዓሣውን ሳንጨርስ የሲኞራዬ ልጅ ደወለች። «ማማ አልበላም ብላኛለች። ብትመጪስ?»

«ስጪኝ እስቲ» አልኳት።

ሲኞራዬ ስልኩን ተቀበሉ። «ምን እየበላሽ ነው?»

«ዓሣ፣ ሲኞራ። በሎሚ።»

«እንዳትመጪ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሷ ሾርባ መሥራት ትልመድ።»

ሰኞ ስመለስ በሩን የከፈተችልኝ የሲኞራዬ ልጅ ናት፤ ፀጉሯ አልተበጠረም፣ ዓይኗ ቀልቷል። «በየቀኑ እንዴት ነው የምትችይው?» አለችኝ።

ሻንጣዬን አስቀመጥኩ። «በሚመጣው ዓመት አራት ቀን ነው የምፈልገው» አልኳት።