የሚስ ኦዴት ጾም

የሁዳዴ ዓርብ ነው። ትንሿን ልጄን ይዤ በለንደን በሃክኒ ገበያ ሳልፍ አንዱ ሻጭ የድስቱን ክዳን ከፈተና የበርበሬና የሎሚ እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ውስጡ ክሮፊሽ ነበር፤ ትልቅ ሽሪምፕ የሚመስል፣ ቅርፊት ያለው የወንዝ እንስሳ።

ለንደን ከመምጣታችን በፊት፣ ልጅ ሳለሁ፣ ከእማዬ ጋር አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ፣ ውሃው የሚሄድ በማይመስል ወንዝ ዳር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ነበርን። ጎረቤታችን ሚስ ኦዴት ኬጁን ነበሩ፣ ከፈረንሳይ ዘር የመጡ የዚያ አገር ካቶሊክ፤ ዶሮዎቻቸውን በፈረንሳይኛ የሚቆጡ ባልቴት። አንድ የሁዳዴ ዓርብ፣ እማዬ ሥጋ እንደማትበላ ሰምተው "እኛም እኮ እንጾማለን!" እያሉ አንድ ድስት ክሮፊሽ ይዘው መጡ። ጠረጴዛችን ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ዘረገፉት። ለእሳቸው የጾም ምግብ ነው። ለእማዬ ግን ጾም ማፍረስ ነው።

እማዬ ደንግጣ አየችው። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ መፈልፈል ጀመረች፤ አንዱን ለጾም ላልደረስኩት ለእኔ፣ ሁለቱን ለሚስ ኦዴት፣ በጉርሻ በጉርሻ። ሚስ ኦዴት እንዲህ ተጎርሰው አያውቁም፤ እየሳቁ አፋቸውን ይከፍታሉ። እማዬ እንዳልቀመሰች ልብ ሳይሉ ጠግበው ሄዱ።

"አንቺ እኮ አልበላሽም" አልኳት።

"ጾማቸውን አካፍለውኝ እንዴት አልጠግብ?" አለችኝ፣ ጣቶቿን እያሸተተች። ጾም እንዴት እንደሚካፈሉት ያኔ አልገባኝም።

አሁን ከገበያው ሻጭ ገዝቼ አንዱን ፈለፈልኩና ልጄን አጎረስኳት።

"ማሚ፣ አንቺስ?"

ጣቶቼን አሸተትኩ።

"ጠገብኩ" አልኳት።