ባለመኝታው መኪና በመሰላ ጭቃ

ጉርሜሳ የዕቃ ሁሉ ሆድ ዕቃ ካላየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። አዲስ ሬዲዮ ካየ ጀርባውን ይከፍታል፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የበሩን ቁልፍ ሲመረምር የተያዘበትም ቀን አለ። አሰበ ተፈሪ ውስጥ ይህን አመሉን የማያውቅ የለም። አንዳንዱ ይስቅበታል፣ አንዳንዱ ሲመጣ የግድግዳ ሰዓቱን ይደብቃል። መንዳት የለመደው በአሮጌ ትሬንታኳትሮ የጭነት መኪና ነው፤ የገለምሶን ቡና ሲያመላልስ ጎልምሷል።

እንግዲህ ባለመኝታው መኪና የወደቀው በዚህ ሰው እጅ ነው። ድርቁ አልፎ ዝናቡ ያለቅጥ በበረታበት በ1978 ዓ.ም. ለርዳታ የመጡ ፈረንጆች ሲሄዱ ለገጠር ክትባት ሥራ ትተውት ሄዱ። አራቱም ጎማው የሚጎትት፣ በጀርባው ሙሉ ቤት ያዘለ ከባድ መኪና ነው። ውስጡ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ቧንቧ ሳይቀር አለው። ጉርሜሳ የመጀመሪያውን ሳምንት መሳቢያ ሲከፍትና ሲዘጋ ከረመ። ቧንቧው ውሃውን ከየት ያመጣል? አልጋው ዳገት ላይ ለምን አይንሸራተትም? አብራው የምትሠራው ነርስ ዘርፈሽዋል ጥያቄው ሲሰለቻት ጋቢና ገብታ በር ትዘጋበት ነበር።

ሐምሌ ላይ ከመሰላ ክትባት ጨርሰው ሲመለሱ በድሪ የሚባል ገበሬ መንገዱ መሀል እጁን ዘርግቶ ቆመ። ሚስቱ ኩብራ ከትናንት ጀምራ ምጥ ላይ ናት፤ ልጁ አልመጣም። ዘርፈሽዋል ሆዷን ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ። «አሁኑኑ ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣቸዋለን» አለች። ኩብራን አልጋው ላይ አስተኝተው ጉዞ ጀመሩ።

ዋልካ አፈር የሆነው ሜዳ ላይ ሲደርሱ መኪናው ተንሸራተተና ቆመ። ጎማው ይሽከረከራል እንጂ ፈቀቅ አይልም። የአካባቢው ሰው ወዲያው ከበበው፤ እውነቱን ለመናገር ከመርዳቱ ይልቅ በመስኮት ማጮለቁ በልጦበታል። ጉርሜሳም የጭነት መኪና ልማዱ ታወሰው። በዚያ አገር ባዶ መኪና ጭቃ ላይ ከተንሸራተተ መንገደኛው ሁሉ ከኋላ ይወጣል፤ ጎማው ክብደት ሲያገኝ መሬት ይነክሳል።

«ሴቶች ወደ ውስጥ፣ ወንዶች ጣሪያው ላይ ውጡ» አለ።

«ጋሼ ጉርሜሳ፣ ሴትዮዋ እኮ ምጥ ላይ ናት» አለች ዘርፈሽዋል።

«ለትንሽ ጊዜ ነው ሲስተር። ክብደት ካላገኘ አይወጣም።»

ይህን ይበል እንጂ፣ ቤቱን ለሰው ማሳየትም አምሮት ነበር። ሴቶቹ ገብተው መሳቢያውን ነካኩ፣ ምድጃውን ዳሰሱ። አንዷ ቧንቧውን ብትጠመዝዘው ውሃ ዥው አለ። ኩብራ እንኳ ምጡ ፋታ ሲሰጣት ቀና ብላ «ከየት ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀች። ጉርሜሳ ጥያቄዋን ሰምቶ ደስ ብሎት ወደ መሪው ሮጠ።

ማርሽ አስገብቶ ነዳጅ ሲሰጠው መኪናው ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ወደ ታች ሄደ። ጎማዎቹ ተዋጡ፤ ቤቱም ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። ይህ ባዶ ትሬንታኳትሮ አይደለም፤ ክብደቱን ፊቱኑም አዝሎ የመጣ ነው። ጉርሜሳ አፈረ። ወርዶም «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሁላችሁም ውረዱ» አለ።

ውሃው ተደፋ፣ የመድኃኒቱ ሣጥን ወረደ፣ ጀሪካኑ ወረደ። ከየቤቱ ገራባ፣ ያ ጫት ተቅሞ የሚቀረው ግንድና ቅጠል፣ በጆንያ እየመጣ ከጎማው ሥር ተነሰነሰ። መኪናው ሲወጣ ሊገለበጥ ስለሚችል ኩብራንም ከነፍራሹ አውርደው መንገዱ ዳር አስተኟት፤ ሴቶቹ በላይዋ ላስቲክ ዘረጉ። በድሪ ከራስጌዋ ቆመ።

ጉርሜሳ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ገፋው። ገራባው ተንኮሻኮሸ፣ ጎማው ያዘ፣ መኪናው እያቃሰተ ወጣ። አሁን ግን መቆም የለም። ዋልካው ላይ ከቆመ መልሶ ይሰጥማል፤ ጠጠር መንገዱ ደግሞ ከፊት ካለው ኮረብታ ማዶ ነው። በመስታወቱ ወደ ኋላ ቢያይ በድሪ እጁን እያወዛወዘ ይሮጣል፤ ይወድቃል፣ ተነሥቶ ይሮጣል። ጠጠሩ ሳይደርስ እንደማይቆም በጥድፊያው አልነገረውም ነበር። ሰውየው ጥሎን ሄደ ብሎ እንደሚያስብ ገባው። እግሩን ግን ከነዳጁ አላነሣም።

ጠጠሩ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ወደ ኋላ ሮጠ። ከኮረብታው ሥር ተገናኙ። ወንዶቹ ኩብራን ከነፍራሹ ተሸክመዋል። በድሪ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከፊት ቆመ። ቀድማ የተናገረችው ኩብራ ናት።

«ኦቦ ሾፌር፣ ለምን ተመለስክ? በሩን ከፍተህ ጠብቀን እንጂ» አለችው። ጉርሜሳ ዞሮ ሮጠ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቧት። ሁለቱ ወንዶች ኮሪደሩ ላይ ተራርቀው ተቀመጡ። ብዙ ቆይቶ ዘርፈሽዋል ወጣች። «ሴት ልጅ ናት። እናቲቱም ደህና ናት» አለች።

በድሪ አምላኩን አመሰገነና ተነሥቶ ወደ ጉርሜሳ መጣ። «ጭቃው ላይ ረግሜህ ነበር። ከልቤ ነው የረገምኩህ። አፉ በለኝ» አለው።

ጉርሜሳ አሁንም ጉርሜሳ ነውና «ምን ብለህ ነው የረገምከኝ?» ሲል ጠየቀ።

በድሪ አንገቱን ደፋ። «ያንተም ሚስት ምጥ ላይ ሆና መንገድ ላይ ትቅር ብዬ።»

የጉርሜሳ ሚስት ኮከቤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ይህን ለበድሪ አልነገረውም። አጠገቡ ቦታ ለቀቀለትና ክንዱን ይዞ አስቀመጠው።

«አፉ ብዬሃለሁ» አለው። «አንተ ግን ቃልህን አሁኑኑ መልሰው፤ እየሰማሁህ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ።»