የአባባ ሞተርና ሁለታችን

ወንድሜን ከልጅነቴ ጀምሮ «ወንድም ጋሼ» ነበር የምለው። የአባባ ሙት ዓመት በወጣ ማግስት ግን፣ ግቢያችን ውስጥ ጠረጴዛ መሃላችን አድርገን ስንቆም «አንተ» አልኩት። ሰምቷል፤ ካቻቪቴውን አነሳ።

ጠረጴዛው ላይ የታሰረው አባባ በጡረታ ዘመናቸው በእጃቸው የሠሩት፣ በርቀት መቆጣጠሪያ የሚበር ትንሽ የእንጨት አውሮፕላን ነው። ሞተሩ ከቡጢ አይበልጥም፤ ዘይት በተቀላቀለበት ቤንዚን ይሠራል። ከሞቱ ወዲህ ተነስቶ አያውቅም። አብራችሁ አስነሱትና ድምፁን ልስማው ያለችን እማዬ ናት። አንድ ሥራ ካስያዘችን የምንታረቅ መስሏት ይሆናል።

ሞተሩ ሲነሳ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ካርቡሬተሩ ጎን ላይ ቤንዚኑን የምትመጥን ብሎን አለች። ስትከፈት ሞተሩ እየተንተፋተፈ ያጨሳል፤ ስትዘጋ ድምፁ እየሰላ ይሄዳል። ወንድሜ ጩኸቱ ጫፍ እስኪደርስ ዘጋት። ካቻቪቴውን ከእጁ ወስጄ ትንሽ ከፈትኳት። መልሶ ዘጋት። መልሼ ከፈትኳት።

አባባ እኔን ያስተማሩኝ፣ መሬት ላይ ጥቂት እያጨሰ መተው፣ ከዚያም የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና አድርጎ ማዳመጥ ነው፤ ሽቅብ ሲወጣ ቤንዚን ያጥረዋልና። ለወንድሜ ግን ድሮ፣ በሌላ ሞተር፣ ጫፍ ድረስ መዝጋት ነበር ያሳዩት። ይህን ነግሮኝ፣ አባባን ካንቺ በፊት የማውቃቸው እኔ ነኝ አለ። አዲስ አበባ ሆነህ በስልክ ነው የምታውቃቸው አልኩት።

ልናበረው ጉዱማሌ ሜዳ ስንደርስ ብሎኗን ለመጨረሻ ጊዜ የዘጋት እሱ ነው። መቆጣጠሪያውንም እሱ ያዘ። አውሮፕላኑ ሣሩን ለቆ ደህና ተነሳ፤ ሽቅብ ሲያወጣው ግን ሞተሩ አንዴ ጮኾ ጸጥ አለ። ዛፎቹ ሥር ወድቆ ክንፉ ለሁለት ተሰበረ።

«አንቺ ስትነካኪው ነው የተበላሸው» አለኝ።

«ለቅሶ ላይም ጥፋቱ የኔ ነው ብለሃል።»

የቀብሩ ዕለት፣ ለቀስተኛ በሞላበት ድንኳን፣ አባባን ሐኪም ቤት ያደረስኳቸው ዘግይቼ እንደሆነ ተናግሮ ነበር። ሲታመሙ ይዣቸው የሮጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን ሳነሳበት ያፍራል ብዬ ጠበቅኩ።

«አሁንም እላለሁ» አለ።

በየራሳችን ባጃጅ ተመለስን። እማዬ በር ላይ ስብርባሪውን አይታ ወደ ውስጥ ገባች። ወንድሜ ሞተሩን እወስዳለሁ፣ እንጨቱ ላንቺ ይቅር አለኝ። ሞተሩን ከእንጨቱ ጋር ያሰሩት ብሎኖች ከውስጥ አብሯቸው የሚዞር ዳዶ ስላላቸው አንድ ሰው ብቻውን አይፈታቸውም። እኔ ከውስጥ በፒንሳ ያዝኩለት፣ እሱ ከውጭ ፈታ። እጃችን እንዳይነካካ ሁለታችንም እንጠነቀቅ ነበር። ሞተሩን በፎጣ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ከተተ፤ እማዬን ስሞ ወደ መናኸሪያ ሄደ።

አሁን የሚደውለው ወደ እማዬ ስልክ ነው። እኔ ካነሳሁት ሰላም ሳልለው አቀብላታለሁ።